ያልተገኘውን መመዝገብ

ሁለትን በሁለት እያባዛን 4096 ሁለቶች ስንጨርስና በውጤቱ ላይ 1 ስንጨምር፣ 1234 አሃዝ ያለው ቁጥር እናገኛለን። በዚህ ሥራ ያለን ሰዎች ፌርማ-12 እንለዋለን፤ ስሙ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ የሕግ ሰው የፒየር ደ ፌርማ ነው። ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም፤ ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋዮች አሉት። ከ1877 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ስድስት ተገኝተውለታል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለስድስቱም ካካፈልነው በኋላ የሚተርፈው ድርሻ ግን ገና 1133 አሃዝ አለው። ይህ ድርሻም ብቸኛ እንዳልሆነ በእርግጥ ይታወቃል። ለየትኛው ቁጥር እንደሚካፈል ግን እስካሁን የነገረን ሰው የለም።

የዕለት እንጀራዬ የሒሳብ መምህርነት ነው። አካፋይ ፍለጋው ከክፍል ውጭ ያለውን ጊዜዬን የሚወስድ፣ ከልቤ የምወደው ሙያ ነው። ስለዚህ ሥራ የምነግረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ፣ ያን የ1234 አሃዝ ሰልፍ በወረቀት ዘርግቼ አንዱን ቁጥር ከሌላው እያስከተልኩ ሳካፍለው ነው። እኔ ግን ቁጥሩን ጽፌው አላውቅም፤ መጻፍም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቀሪው ብቻ ነው፤ ሙያውም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

114689 የፌርማ-12 አካፋይ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ፈለግን እንበል። ከ2 እንነሳለን። በራሱ እናባዛዋለን፤ 4። 4ን በራሱ፤ 16። ቀጥሎ 256፤ ቀጥሎ 65536። አምስተኛው ማባዛት ከአራት ቢሊዮን በላይ ያደርሰናል። እዚህ ላይ ውጤቱን ለ114689 እናካፍልና ድርሻውን ጥለን ቀሪውን እንይዛለን፤ 93624። ከዚህ በኋላ በየእርምጃው የሚደረገው አንድ ነው፤ ቀሪውን በራሱ ማባዛት፣ ለ114689 ማካፈል፣ አዲሱን ቀሪ መያዝ። ቀሪዎቹ እንዲህ ይከታተላሉ፦ 2484፣ 91739፣ 50612፣ 110418፣ 5890፣ 56022። አሥራ አንድ ጊዜ አባዝተናል፤ አንድ ቀረን። 56022 በራሱ ሲባዛ 3138464484 ይሆናል። 114689 በ27365 ሲባዛ ደግሞ 3138464485 ነው። ልዩነታቸው 1 ብቻ ነው። እንግዲህ በአሥራ ሁለተኛው ውጤት ላይ 1 ስንጨምርበት ለ114689 ያለ ቀሪ ይካፈላል ማለት ነው። ፌርማ-12 ማለትም ይኸው ነው፤ 2 አሥራ ሁለት ጊዜ በራሱ እየተባዛ ሄዶ 1 የተጨመረበት። 114689 አካፋዩ ነው።

ለዚህ ሁሉ የዋለው አንድ እርሳስና አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከመቶ ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ቁጥር 1234 አሃዝ ያለውን ሲያካፍል፣ ከአሥራ አንድ አሃዝ በላይ የሆነ ነገር በእጃችን አላለፈም። ይህን ለተማሪ በሰሌዳ ላይ ሳሳይ ዛሬም ደስታው አይቀንስብኝም።

ይህን አካፋይ በ1877 ሁለት ሰዎች ተራርቀው ሳሉ አግኝተውታል፤ አንዱ ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ፣ ሌላው በሩሲያ በኡራል አካባቢ የገጠር ቄስ የነበሩት ኢቫን ፔርቩሺን። ቄሱ በዓመቱ ደግሞ 167772161 የፌርማ-23 አካፋይ መሆኑን አሳዩ። ፌርማ-23 ከ2.5 ሚሊዮን በላይ አሃዝ አለው። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር በሌለበት ዘመን፣ ከትልልቅ ከተሞች ርቀው፣ በእጃቸው አስልተው ነው። ሃያ ሦስት ማባዛትና ማካፈል በቂያቸው ነበር።

ግን ከየት ጀመሩ? ስንት ሚሊዮን ተፈታኝ ቁጥር እያለ ለምን 114689 ላይ ደረሱ? የፌርማ ቁጥሮች አካፋዮች ሕግ አላቸው። ሕጉን መጀመሪያ ያሳየው ሌዮንሃርድ ኦይለር ነው፤ ሉካስ አጠበቀው። በፌርማ-12 ላይ ሲሠራ ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ማንኛውም አካፋይ 1 ሲቀነስበት ለ16384 መካፈል አለበት። ስለዚህ 16384ን በ1፣ በ2፣ በ3 እያባዙ 1 መጨመር ነው። 16385 ለ5 ይካፈላል፤ 5 ደግሞ ሕጉን ስለማያሟላ ይወድቃል። 32769 ለ3 ይካፈላል፤ ይወድቃል። 49153 ለ13 ይካፈላል፤ ይወድቃል። 65537 ብቸኛ ነው፤ ነገር ግን ራሱ ፌርማ-4 ነው፣ ሁለት የፌርማ ቁጥሮች ደግሞ የጋራ አካፋይ የላቸውም። 81921 ለ3፣ 98305 ለ5 ይካፈላሉ። ሰባተኛው 114689 ነው። ሊሞከር የሚገባው የመጀመሪያው ቁጥር ራሱ አካፋይ ሆኖ ተገኘ።

ፌርማ ራሱ እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ፣ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537፣ በእርግጥም ብቸኛ ናቸው። በ1732 ኦይለር ስድስተኛው (ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር ፌርማ-5 የሚባለው) 4294967297 ለ641 እንደሚካፈል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ብቸኛ የሆነ ሌላ የፌርማ ቁጥር አልተገኘም። ከፌርማ-5 እስከ ፌርማ-32 ያሉት ሁሉ ብቸኛ እንዳልሆኑ ታውቋል፤ ፌርማ-33 ላይ ሲደረስ ነገሩ ይቆማል፤ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ አሃዝ አለውና።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። በ1880 ፎርቹኔ ላንድሪ የተባለ የ82 ዓመት ፈረንሳዊ አዛውንት የፌርማ-6ን ሁለት አካፋዮች ይፋ አደረገ፤ 274177 እና 67280421310721። እንዴት እንዳገኛቸው ዘርዝሮ አላሳተመም። ከመቶ ዓመት በኋላም የሒሳብ ሰዎች የሄደበትን መንገድ ከፍንጮች መልሰው ለመገንባት ይደክሙ ነበር። ውጤቱን ግን የተጠራጠረ ሰው ሊኖር አይችልም፤ ሁለቱን አባዝቶ 18446744073709551617 መድረስ ነው። ማን አገኘው፣ በምን ዘዴ፣ በስንት ዓመት የሚለው ጥያቄ ለእውነቱ ምንም አይጨምርለትም።

የተገኘ አካፋይ ራሱ ለራሱ ይመሰክራል። ያልተገኘ ግን ምስክሩ የፈላጊው መዝገብ ብቻ ነው። እኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ሰውን የምመዝነው በሁለተኛው ነው። አካፋይ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ሊሆን ይችላል፤ ፈልጎ ያጣ፣ ያጣውንም በትክክል የጻፈ ሰው ግን ሠራተኛ ነው።

ይህ ለምን እንደሆነ ለማየት የዛሬውን መሣሪያችንን ማወቅ ያስፈልጋል። ትልልቅ አካፋዮችን ተራ በተራ እየሞከርን አንደርስባቸውም። በ1974 እንግሊዛዊው ጆን ፖላርድ አንድ ስልት አቀረበ። የተደበቀው አካፋይ 1 ሲቀነስበት ሙሉ በሙሉ ወደ ትንንሽ ብቸኛ ቁጥሮች የሚበተን ከሆነ፣ አካፋዩን ሳናውቀው ጎትቶ የሚያወጣ ስሌት አለ። ካልተበተነ ግን ስልቱ እዚያው ያበቃል፤ አንድ አካፋይ 1 ሲቀነስበት የሚሰጠው ቁጥር አንድ ብቻ ነውና ሌላ ሙከራ የለም። ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ሌንስትራ በ1987 ባሳተመው ሥራ ይህን ችግር ፈታው። ኤሊፕቲክ ከርቭ የሚባሉትን ቀመሮች አመጣ። ለአንድ አካፋይ እጅግ ብዙ ከርቮች አሉት፤ እያንዳንዱ ከርቭ የራሱ የነጥብ ብዛት አለው፤ ያም ብዛት ከአካፋዩ ብዙ አይርቅም። የአንዱ ከርቭ ብዛት ወደ ትንንሽ ቁጥሮች ባይበተን የሌላው ሊበተን ይችላል። ስለዚህ ከርቭ በዕጣ እንመርጣለን፣ በላዩ ያለውን ነጥብ እስከ ወሰንነው ወሰን ባሉ ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ እናባዛዋለን፣ በመጨረሻም በስሌቱና በትልቁ ቁጥር መካከል ያለውን ትልቁን የጋራ አካፋይ እናሰላለን። መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል 1 ነው። አዲስ ከርቭ ይመረጣል፣ እንደገና ይጀመራል።

ወሰኑን መምረጥ የዚህ ሥራ ዋና ጥበብ ነው። ወሰኑ ዝቅ ሲል ከርቩ ቶሎ ያልቃል፣ የሚያገኘው ግን ትንሽ አካፋይ ብቻ ነው። ከፍ ሲል ትልቁን ሊያወጣ ይችላል፣ አንዱ ከርቭ ግን ሰዓታት ይፈጃል። 40 አሃዝ ያለው አካፋይ ለሚፈልግ ሰው የተለመደው ወሰን 3 ሚሊዮን ነው፤ መሄድ ያለባቸው ከርቮችም ከ2,000 ይበልጣሉ። አሁን የሚመጣው ነገር ብዙ ጀማሪዎችን ያስደነግጣል። ያን ሁሉ ከርቭ ጨርሶ ምንም ያላገኘ ሰው፣ 40 አሃዝ ያለው አካፋይ የለም ማለት አይችልም። አካፋዩ ኖሮም ሊያመልጠው የሚችልበት ዕድል 37 በመቶ ገደማ ነው። ከርቮቹን ደግሞ እጥፍ ቢያደርግ ዕድሉ ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። ወደ ዜሮ ግን አይደርስም።

አንዲት ተማሪዬ ሥራውን በጀመረች ሰሞን መዝገቧን ይዛ መጣች፤ ገጹ ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሄዶ ምንም አላገኘም። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ስንት ከርቭ ሄደ?»

እሱን አልመዘገበችም ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚጻፍ አብረን ተቀምጠን አየን፦ ቁጥሩ፣ ወሰኑ፣ ያለቁት ከርቮች ብዛት፣ ከርቩ የተመረጠበት ሲግማ የሚባለው መነሻ ቁጥር፣ የፕሮግራሙ ስሪት፣ የማሽኑ መለያ። ሲግማውን የያዘ ሰው ያንኑ ከርቭ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ኮምፒዩተር ደግሞ ማስኬድ ይችላል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ አካፋይ የሚለው ቦታ ባዶ ሆኖ ቢቀርም ገጹ ሙሉ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እሷ ከቆመችበት ይነሳል።

መብራት በሚጠፋበት አገር የሚሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የአንድ ከርቭ ሥራ ሁለት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያው ደረጃ እስከ ወሰኑ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ከወሰኑ በላይ ያለ አንድ ብቸኛ ቁጥር ብቻ የጎደለውን ለመያዝ ይሞክራል። መብራት በመካከል ከሄደ ያ ከርቭ አላለቀም። ግማሹን የሄደውን እንደ ሙሉ መቁጠር ቀላል ፈተና ነው፤ ማንም አያውቅም፣ ማንም አይጠይቅም፣ ምናልባትም ምንም አያጎድልም። ግን ያችን አንዷን ከርቭ ሌላው ሰው በተቆጠረች ሒሳብ ይዘላታል። በየደረጃው የሚያስቀምጥ ፋይል ይኑር፤ የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ያለቀለት እንደዚያው ይጻፍ።

ማሽኑም ይፈተናል። የተበላሸ የማስታወሻ ክፍል ያለው ኮምፒዩተር ለሳምንታት ሲሠራ ይከርምና ሪፖርቱ ሁሉ ሲታይ ያማረ ይሆናል፤ «አካፋይ አልተገኘም» የሚል ብቻ ነውና ስህተቱ አይታይም። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት ከፌርማ-12 አካፋዮች ትንንሾቹን አራቱን ብቻ አወጣለሁ፤ በ1986 ሮበርት ቤይሊ ያገኘውን ባለ 16 አሃዙን 1256132134125569 ሳልነካው እዚያው እተዋለሁ። ማሽኑ እሱን ፈልጎ ያምጣልኝ። ካመጣ ሥራ ይጀምራል። ካላመጣ፣ የሚለውን ሌላ ነገር ሁሉ አላምነውም።

ቤይሊ ካገኘው በኋላ ቀጣዩ እስኪገኝ 24 ዓመት አለፈ። በ2010 ማይክል ቫንግ፣ ፖል ዚመርማንና አሌክሳንደር ክሩፓ ባለ 54 አሃዙን ስድስተኛ አካፋይ አወጡ፤ በዚሁ በሌንስትራ ዘዴ። በእነዚያ ዓመታት በዝቅተኛ ወሰን የሄዱት ከርቮች ሁሉ ያመጡት ዝምታ ነው። ዝምታው ስለተመዘገበ ግን በ30ና በ40 አሃዝ መካከል ደግሞ መንከራተት አላስፈለገም።

ለመሆኑ የተረፈው 1133 አሃዝ ብቸኛ አለመሆኑ ያለ አካፋይ እንዴት ታወቀ? ይህ የሒሳብ ድንቅ ነገር ነው፤ ስለ ፌርማ ቁጥሮች የሚያስተምረንም አለ። ፌርማ ራሱ በተወልን ሕግ መሠረት፣ አንድ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ፣ ከእሱ የሚያንስ ቁጥር ወስደን ወደ ‘ብቸኛው ሲቀነስ 1’ ርቢ ስናነሳው ቀሪው 1 መሆን አለበት። ሌላ ነገር ከመጣ ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም፤ አካፋዩን ሳናይ ፍርዱን ሰጠን ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ፈተና በ2 ይጀምራል፣ ቀላል ስለሆነ። በፌርማ ቁጥር ላይ ግን 2 ሁልጊዜ «ያልፋል» ይላል፤ ቁጥሩ ከ2 የተሠራ ነውና። አካፋዮች ከወጡለት በኋላ የሚተርፈውም ድርሻ ለ2 እንዲሁ ያልፋል፤ 4ም 8ም ያው ናቸው። በ3 መፈተን ያስፈልጋል። ቴዎፊል ፔፓን በ1877 ለፌርማ ቁጥሮች ያወጣው ፈተናም ብዙ ጊዜ የሚሠራው በ3 ነው፤ እሱ ደግሞ በሁለቱም በኩል ይቆርጣል፣ ብቸኛ የሆነውንም ያልሆነውንም።

በዚህ ፈተና ፌርማ-14 ብቸኛ እንዳልሆነ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ታወቀ። የመጀመሪያው አካፋዩ የተገኘው በ2010 ነው፤ ታፒዮ ራያላ አገኘው። ፌርማ-20 በ1987 በያንግና በቢዩል ተፈረደበት፤ አካፋዩ እስካሁን አልታወቀም። ፌርማ-24 ደግሞ ከ5 ሚሊዮን በላይ አሃዝ ያለው ነው። ክራንዳል፣ ሜየርና ፓፓዶፑሎስ በ1999 ፍርዱን ሰጡ፤ 3ን 16,777,215 ጊዜ በራሱ አባዝተው፣ በየማባዛቱ ቀሪውን ይዘው። ከነዚህ ማባዛቶች በአንዱ፣ ከሚሊዮኖቹ አሃዞች አንዷ ብትሳሳት መጨረሻው ሁሉ ከንቱ ነው። በላንድሪ ጊዜ እንደሆነው አባዝቶ የሚያረጋግጥ አንባቢ እዚህ የለም፤ ያልተገኘ አካፋይ እንዴት ይባዛል? ስለዚህ ሥራውን በተለያዩ ማሽኖች ለየብቻ አስኬዱት፣ መካከለኛ ቀሪዎቹን በሌላ ዓይነት ስሌት ፈተሹ፣ ሁሉም እስኪስማማ ድረስ አላወጁም። ለእኔ በዚህ መስክ ከተሠሩት ሁሉ የማከብረው ይህን ነው።

ስለ ትልቅነት አንድ ነገር ልጨምር፤ ጋዜጦች ሲጽፉ የአሃዙን ብዛት እንደ ጥንካሬ ስለሚቆጥሩት። ባለ 617 አሃዙ ፌርማ-11 በ1988 ሙሉ በሙሉ ተከፋፍሎ አለቀ። ባለ 155 አሃዙ ፌርማ-9 ግን እስከ 1990 ጠበቀ፤ ለእሱም በመቶ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ተሰባስበዋል። ፌርማ-11 የተሸነፈው አራት አካፋዮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ነው፤ ትልቁ 22 አሃዝ ብቻ ነው፣ አምስተኛው ተራፊ ብቸኛ ሆኖ ተገኘ። ባንኮችና ኢንተርኔት ምስጢር የሚጠብቁበት አርኤስኤ የተባለው ስልትም ብዙ ጊዜ 617 አሃዝ ባላቸው ቁጥሮች ይሠራል። እነዚያ ቁጥሮች ሆን ተብሎ ከሁለት ተመጣጣኝ ብቸኛ ቁጥሮች የተሠሩ ናቸው፤ ለሙከራ ከቀረቡት በ2020 የተከፈለው ባለ 250 አሃዙ ነው። የፌርማ-11ና የባለ 617 አሃዙ አርኤስኤ ርዝመት እኩል ሆኖ አንዱ በ1988 አለቀ፣ ሌላው ዛሬም አይነካም።

ዛሬ ፌርማ-12 ላይ መሥራት የሚሻ ሰው ለ60 አሃዝና ከዚያ በላይ መዘጋጀት አለበት። ለ60 አሃዝ የተለመደው ወሰን 260 ሚሊዮን ነው፤ ከርቮቹ ከ40,000 በላይ ናቸው፤ በአንድ የቤት ኮምፒዩተር አንዷ ከርቭ ብቻ ሰዓታት ትወስዳለች። አንድ ሰው ለብቻው አይጨርሰውም። ዚመርማንና ጓደኞቹ ያዘጋጁት ጂኤምፒ-ኢሲኤም የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ሥራውን ተከፋፍሎ መዝገብን ማዋሐድ ነው።

ጀማሪ ግን እዚህ አይጀምር። በፌርማ-6 ይጀምር፣ በእርሳስ። ሕጉ አካፋዩ 1 ሲቀነስበት ለ256 ይካፈል ይላል፤ ማባዛቱም ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። 257 ፌርማ-3 ነው፣ ይታለፋል። 513 ለ3 ይካፈላል፣ ይታለፋል። የመጀመሪያው ተፈታኝ 769 ነው፤ ቀሪዎቹ 4፣ 16፣ 256፣ 171፣ 19፣ 361 ይሆናሉ። ለማካፈል መጨረሻው 768 መሆን ነበረበት። 769 አያካፍልም፤ ቀሪ 361 ተብሎ ይጻፍና ወደሚቀጥለው ይታለፋል።